በራዲዮው የተሰማው

መዶሻው ሲያርፍ የራዲዮው የመስታወት ቫልቮች ፈነዱ፤ ስብርባሪው የገብረክርስቶስ ፊት ላይ ተበተነ።

«ወልደ ማርያም! አብደሃል?»

ወልደ ማርያም ሁለተኛውን ራዲዮ ከጠረጴዛው ላይ በክንዱ ጠርጎ ጣለውና ወለሉ ላይ መታው። ደግሞ መታው።

ከጦር አውሮፕላን የተነቀሉ አሮጌ ራዲዮኖች ናቸው። በኮሪያ ሰማይ ላይ የበረሩም አሉባቸው። የሳን ሊያንድሮው ወርክሾፕ በርካሽ ይገዛቸዋል፣ ገብረክርስቶስ ይጠግናቸዋል፣ ባለቤቱ ለውጭ አገር ይሸጣቸዋል። የዛሬዎቹ ስድስቱ የሚሄዱት ኢትዮጵያ ነው። ይህንንም ለወልደ ማርያም የነገረው ራሱ ገብረክርስቶስ ነው፤ ትናንት ኦክላንድ በጋራ በተከራዩት ክፍል እራት ሲበሉ፣ እንደ ቀልድ። ዛሬ ባለቤቱ ለምሳ ወጣ እንዳለ ወልደ ማርያም ክላሱን ትቶ ከሳን ሆዜ ኮሌጁ መጣ።

«ተው እባክህ! ይህን ሥራ ካጣሁ ቪዛዬ አለቀለት፤ ዲፖርት ያደርጉኛል!»

«ውብዳርን የገደላት ሰው በዚህ ዓይነት ራዲዮ ነው ሲያወራ የነበረው!»

ውብዳር የወልደ ማርያም እህት ነበረች። አምና፣ በጎጃሙ የግብር ዓመፅ ጊዜ፣ ልጇን እንዳዘለች ከአውሮፕላን በተጣለ ቦምብ ሞተች። የአባቱ ደብዳቤ ሦስት መስመር ብቻ ነበር።

መዶሻው ሦስተኛው ራዲዮ ላይ ሲነሳ ገብረክርስቶስ ከኋላው ዘሎ አነቀው። ተያይዘው መደርደሪያው ላይ ወደቁ፤ የብረት ሳጥኖች ወረዱባቸው። የመዶሻው እጀታ የገብረክርስቶስን አፍ ሲመታ አንድ ጥርሱ ሲላቀቅ ተሰማው። ጠረጴዛውን ሲዳብስ ሲሠራበት የነበረውን የጋለ መበየጃ አገኘና የወልደ ማርያም ክንድ ላይ ተከለው። ቆዳው ጨሰ። ወልደ ማርያም ጮኾ መዶሻውን ለቀቀ።

ገብረክርስቶስ ደረቱ ላይ ወጥቶ በቡጢ ይወቅጠው ጀመር። አፍንጫው ሲሰበርም አላቆመም።

«አንተ ምን ታውቃለህ! ምን ታውቃለህ! እኔ ሰምቼዋለሁ!»

ያለው ነገር ለራሱም የተሰማው ካለው በኋላ ነው። ቡጢው አየር ላይ ቀረ።

ወልደ ማርያም ደም ተፋ። «ምኑን ነው የሰማኸው?»

ስምንት ወር አንድ ክፍል ሲኖሩ ከአፉ ያልወጣ ነገር ነበር። ወልደ ማርያም የሚያውቀው ጓደኛው አገር ቤት ራዲዮ ይጠግን እንደነበር ብቻ ነው።

«በዓመፁ ጊዜ የአየር ኃይል የምድር ራዲዮ ተረኛ ነበርኩ» አለ ገብረክርስቶስ። «አብራሪው ‹ወንዝ ዳር ሰው ይታየኛል፤ እንስራ የያዙ ሴቶች ይመስሉኛል› አለ። ጥርት ብሎ ስላልተሰማኝ ‹ድገመው› አልኩት። ደገመው። አዛዡ ከኋላዬ ቆሟል። ‹ቀጥል በለው› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ቀጥል አልኩት።»

ከወልደ ማርያም ላይ ወርዶ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። መዶሻው ያለው ከጓደኛው እጅ ስንዝር ርቆ ነው። ገብረክርስቶስ ፊቱን ሳይከልል ጠበቀ።

«የትኛው ወንዝ ነው?»

«አላውቅም። ለእኛ የቦታ ቁጥር እንጂ ስም አይሰጡንም።»

«ጠዋት ነበር ወይስ ከሰዓት?»

«ጠዋት። ሦስት ሰዓት ገደማ።»

ወልደ ማርያም ጀርባውን መሬት ላይ እንዳደረገ ጣሪያውን አየ። ደሙ በጉንጩ በኩል ወደ ጆሮው ይወርዳል።

«እንግዲያው ሕፃኑ ተኝቶ ነበር» አለ። «ጠዋት ጠዋት ውኃ ስወርድ ጀርባዬ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል ብላ በደብዳቤ አስጽፋልኝ ነበር።»

ውጭ መኪና ቆመ፤ የባለቤቱ ነው። ገብረክርስቶስ ተነሥቶ በሩን ከውስጥ ቀረቀረ። ሸሚዙን አውልቆ በቧንቧው ውኃ ነከረና ተመልሶ ተቀመጠ። የወልደ ማርያምን ክንድ ጭኑ ላይ አድርጎ እርጥቡን ጨርቅ የተቃጠለው ቦታ ላይ አለበሰው። ወልደ ማርያም ክንዱን አልነጠቀውም።

በሩ ይደበደብ ጀመር።