የፍስሐ ሰርቨር

ፍስሐ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለእናቱ የተወላት አሮጌ ሰርቨር ሳሎኗ ውስጥ ዳንቴል ለብሶ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ሁልጊዜ ቀትር ላይ በልጇ ድምፅ «እምዬ፣ ምሳ በላሽ?» ይላታል። ባትበላም «በላሁ» ትለዋለች።

ዛሬም የእህቷ ልጅ ናትናኤል እየሰማ ሰርቨሩ ጠየቃት። ናትናኤል ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ አዲስ ዴስክቶፕ አቅፎ መጥቷል።

«እትዬ፣ የማሽን አእምሮው ፕሮሰሰሩ ነው። የዚህኛው ካሮጌው እጥፍ ይፈጥናል፣ መብራትም አይበላም።»

«ወዴት ሊያሯሩጠኝ? ያንተ ማሽን ልጄን የት ያውቀዋል?»

«አሮጌውም በጊዜው የመቶ ሰው ሥራ ባንዴ ይሸከም ነበር። አሁን ግን አርጅቷል። አንድ ቀን ቀጥ ሲል ድምፁም አብሮ ይጠፋል። ወደ አዲሱ ልገልብጥልሽ።»

ይህን ስትሰማ ልቧ ስንጥቅ አለ። «ክፈተው እንግዲህ። ካበላሸኸው ግን እጅህን ነው የምሰብረው።»

ናትናኤል ዳንቴሉን ገልጦ ክዳኑን አነሳ። ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

«ምን ያስፈዝዝሃል?»

«እትዬ... ፕሮሰሰር የለውም። ድምፁ የሚቀመጥበት ዲስክም የለውም። ቦታው ላይ ሸረሪት አድርቶበታል።»

«ድምፅህን ቀንስ» አለችው፤ «ይሰማሃል።»