የአቶ ሲላስ ፔዳል

የአቶ ሲላስ ቮልስ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ከብዙ ሰው ዕድሜ ትበልጣለች። ከእሳቸው በቀር መሪዋን የጨበጠ የለም። መካኒኩ ታምሩ እንኳ «እስቲ ልሞክራት» ሲላቸው፣ «ሚስትህን ታውሳለህ?» ብለው ኩም ያደርጉታል።

ዘንድሮ አንድ ጣጣ መጣባት። ፍሬን ይዘው ሲለቁ ፔዳሉ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ፍሬኑ እንደያዘ ይቀርና ሸኮ ሳይደርሱ ጎማው ግሎ ይሸታል።

ታምሩ ስሯ ገባ። ሞላውን ቀየረ፣ መገጣጠሚያውን ግራሶ ቀባ፣ ፔዳሉን በእጁ ተጭኖ ለቀቀው። ጧ ብሎ ተመለሰ።

«አለቀ ጋሼ፣ በሰላም ይንዷት።»

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ።

«ያው ነው!»

ታምሩ ሻይ አዘዘላቸው፤ ሐኪም ስኳር ከከለከላቸው ስለቆየ ባዶውን ጠጡ። እሱ ሁለተኛ ሞላ ሲበይድ የእሳት ፍንጣሪ ነጠላ ጫማ ያደረገ እግራቸው ላይ አረፈ። ታምሩ ደንግጦ ዘለለና አራገፈላቸው። ሰውየው ከንዴታቸው ብዛት ንቅንቅ አላሉም።

ሲሄዱ አንድ እግር ጫማቸውን ጥለውት ሄዱ። ታምሩ ሮጦ አቀበላቸው።

«ይሄን ማየት ታውቅበታለህ፣ ፔዳሉን ግን አታይም» አሉት።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ጋራዡ በር ላይ ቆመው ጮኹ። «ሆን ብለህ ነው! ስመላለስልህ እንድኖር ነው!» ታምሩ በልጆቹ ስም ማለ፤ ማን ሊሰማው። አቶ ሲላስ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ከጌጫ እስከ ቴፒ ያገኙትን ሁሉ፣ «መኪናህን ለታምሩ ከመስጠት ገደል ብትገባ ይሻልሃል» አሉት። ሰውም አመናቸው።

ተሾመች የምትባለው የታምሩ ሚስት ልትለምናቸው አቶ ሲላስ ቤት ሄደች። በረንዳ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ እያነበቡ ነበር። ቀስ ብላ ተንበረከከችና እግራቸውን በሁለት እጇ ይዛ ሳመች። ድምፅ አውጥታ እስክታለቅስ ድረስ ዓይናቸውን ከገጹ አላነሱም። ይህን ያህል ልብ ይደነድናል? ይደነድናል። ባዶ እጇን መለሷት።

ጋራዡ ጭር አለ። ታምሩ መፍቻዎቹን ሸጦ ወርቅ ቁፋሮ ወረደ። በሁለተኛው ወር ጉድጓዱ ተደረመሰበት።

አቶ ሲላስ ለቅሶ አልደረሱም። «እግዚአብሔር ፈረደ» አሉ፤ ማታም በሰላም ተኙ።

በማግስቱ ቮልሷን ይዘው ቴፒ ወረዱ። የዚያ መካኒክ ከድር ግትር ነው፤ ራሴ ሳልነዳት አልነካትም አለ። አቶ ሲላስ እያጉረመረሙ ቁልፉን ሰጡት። ከድር ከተማውን ዞሮባት መጣ።

«ለእኔ ጧ ብሎ ነው የሚመለሰው» አለ ግራ ገብቶት። «እስቲ እርስዎ ይርገጡና ይልቀቁ፣ እኔ ልይ።»

አቶ ሲላስ ገብተው ረገጡ። ከድር በተከፈተው በር በኩል ተንበርክኮ ወደ ፔዳሉ አጎነበሰ።

«ይልቀቁ።»

«ለቀቅኩ።»

«ጋሼ፣ እግርዎ ፔዳሉ ላይ ነው። ያንሱት።»

«ካነሳሁት ቆየሁ እኮ» አሉ አቶ ሲላስ።