ክፍሉ ሁሉ ያጨበጨበላት ልጅ

«የዚህ ድርጅት ትልቁ ድክመት... ባለቤቷ ናቸው!»

ተማሪዋ ይህን ስትል ከኋላ ሳቅ ተሰማ።

ነገሩ የማኔጅመንት ተመራቂዎች የስትራቴጂ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህሩ ደግሞ የራሳቸው ደንብ አላቸው... ተማሪ የሚያጠናው እውነተኛ ድርጅት ነው፤ ባለቤቱም መጥቶ ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ይሰማል።

የዛን ቀን ተረኛዋ አንዲት ትንሽ ልብስ ስፌት ቤት ነበረች። የመረጧት ከተማሪዋ ጋር የሚያጠኑት የቡድኗ ልጆች ናቸው። ተማሪዋ «ሌላ እንፈልግ» ብላ ብትለምን ማን ሊሰማት!

ባለቤቷ፣ ጠና ያሉ ልብስ ሰፊ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ።

«ዓይናቸው ደክሟል፣ ሥራ ያዘገያሉ፣ ደንበኛ ይሸሻል... ምክራችን፣ የስፌት መኪናውን ለወጣት አስረክበው ቤታቸው ይረፉ!»

ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ።

«እማማ፣ ምን ይላሉ?» አሉ መምህሩ።

«ልክ ናቸው... የተማረ ያየውን እኔ ምን እላለሁ?»

«ለወጉ ልጠይቅዎት፣ ከልጆቹ የሚያውቁት አለ?»

ተማሪዋ አንገቷን ደፋች።

ልብስ ሰፊዋ አየት አደረጓት...

«ኧረ አላውቃቸውም! የዚች ልጅ እናት ግን... ታድላ!»

ወገኖቼ... እናቷ እኮ ናቸው!!

ልጅት ለጓደኞቿ «እናቴ ትልቅ አስመጪ ናት» ብላ አውርታለች። እናት አንገቷን ስትደፋ ሲያዩ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ልጃቸውን ላለማሳፈር ልጃቸውን ካዱ።

ጥናቱ አንደኛ ወጣ።

እናት ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ምኞት ነበራቸው... ስትመረቅ በሰው መሀል «ልጄ ናት!» ብለው ማቀፍ።

የምረቃው ጠዋት ልጅት ለባብሳ ብትወጣ፣ እናት በቤት ልብሳቸው ቁጭ ብለዋል።

«እማዬ! ተነሺ እንጂ፣ ረፈደ እኮ!»

«ሂጂ የኔ ልጅ... እኔ አልመጣም።»

«ለምን?!»

«ጓደኞችሽ አይተውኛል... ባቅፍሽ ምን ይሉሻል?»

«የፈለጉትን ይበሉ! እኔው እነግራቸዋለሁ! ይቅር በይኝ እማዬ...»

«ይቅር ብዬሻለሁ። ግን በደስታሽ ቀን አንገትሽን ስትደፊ ማየት አልችልም... አንዴ አይቼዋለሁ፣ ይበቃኛል።»

ብትለምን፣ ብታለቅስ... እናት ንቅንቅ አላሉም።

ልጅት በሽልማት ተመረቀች። ሰው ሁሉ ከእናቱ ጋር ፎቶ ሲነሳ እሷ ብቻዋን ቆመች።

እኔ ይሄን ስጽፍ በልጅቷ ተናድጃለሁ!

ወዳጆቼ፣ ባሳደጋችሁ እጅ አትፈሩ። ይቅርታ ብታገኙ እንኳን ያለፈው ቀን አይመለስም።

እስቲ ፍረዱ... እናት መቅረታቸው ልክ ነው? ወይስ ሄደው ማቀፍ ነበረባቸው? እናንተ ብትሆኑስ?