አሁንስ ጠፋ?

ልጅቱ የጀልባዋን ወለል ከፍታ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ የፍሳሽ ታንከር አጠገብ ተንበርክካ ትታገላለች። ታንከሩ የሚተነፍስበት ቱቦ ተደፍኖ ውስጡ አየር ስላጣ ጀልባዋ መከርፋት ከጀመረች ሰንብታለች፤ ተሳፋሪዎች አፍንጫቸውን ይዘው ነበር የሚወርዱት። ካፒቴኑ አባቷ ነው። ሽታው ሲጠፋ እንዲነግራት ከላይ መጸዳጃ ክፍሉ ውስጥ አቁማዋለች።

“አባዬ፣ አሁንስ ጠፋ?” አለች ረጅም ሽቦ ወደ ቱቦው እየሰደደች።

“ድራሹ ጠፋ! እጅሽ ይባረክ!” ሲል ጮኸላት።

ግራ ገባት። ሽቦው ገና የተደፈነው ቦታ አልደረሰም። ወደ ላይ ወጥታ በሩን ስትከፍት ክርፋቱ ወደ ኋላ መለሳት። አባቷ ግን ደረቱን ነፍቶ አየሩን እየሳበ ፈገግ ብሎ ቆሟል።

“አባዬ፣ ምንም አይሸትህም?”

ፈገግታው ከሰመ። “ከዚያ ክፉ ጉንፋን ወዲህ ምንም” አላት ቀስ ብሎ። “የተሳፋሪውን ፊት እያየሁ ነበር የማውቀው። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።”

ዓይኗ ጠዋት ጠዋት ብቻውን ጋዝ እየለኮሰ ቁርስ ወደሚሠራባት ጠባብ ማድ ቤት ሄደ። ጋዙ ቢያፈስ በምን ሊያውቅ ነው? ገብታ የጋዙን ሲሊንደር ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

“ከዛሬ ጀምሮ ምግብ የምሠራው እኔ ነኝ።”

“አንቺ? አንቺ የሠራሽውን ደግሞ ማን አፉ ያደርገዋል?”

“አንተ ነሃ! ጣዕሙን እንደሁ አታውቀው።”

አባቷ አፍጥጦ አያት፤ ከዚያ በሩን ተደግፎ እስኪደክመው ሳቀ። እሷም እየሳቀች ወደ ሽቦዋ ወረደች።