ፈረሱ ጋ

ፀሎት ባሏ ሳህሌ ወደ ቁማር እንደተመለሰ የጠረጠረችው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ ነው። ለንደን ውስጥ ከሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ወደ ቤቷ ዊልስደን ስትመለስ አውቶቡሱ ቀይ መብራት ላይ ቆመ። በመስኮት ስታይ ሳህሌ ወደ ፈረሱ ጋ መንገድ ታጠፈ። በዚያ ሰዓት ሂትሮው አየር ማረፊያ፣ የሚነዳው ታክሲ ውስጥ መሆን ነበረበት።

«ፈረሱ ጋ» የሚሉት ሐበሾች ናቸው። እዚያ ያለው ትልቁ ቁማር ቤት፣ ካዚኖው፣ በሩ አናት ላይ ወርቅ የተቀባ ፈረስ ነበረው። ድሮ መንገዱ ሁሉ የሚተዳደረው በካዚኖው ነበር። አጠገቡ ወርቅ በመያዣ የሚቀበል ሱቅ፣ ቀጥሎ ሁለት የውርርድ ቤቶች፣ ጥግ ላይ ደግሞ ተሸንፎ ለወጣ ሰው የዶሮ ጥብስ የሚሸጥ ቤት። ሳህሌ ለቁማር ያስያዘው የፀሎት የጋብቻ ቀለበት እዚያ መያዣ ሱቅ ገብቶ ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ ነው ሳህሌ በቤተ ክርስቲያናቸው ጉባኤ ፊት ቆሞ ያንን መንገድ ሁለተኛ ላይረግጥ ቃል የገባው። ቃሉን የተቀበሉት ጋሽ እንግዳወርቅ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ። ያጋቧቸውም እሳቸው ናቸው። ልጅ አልመጣ ሲላቸው በየዓመቱ እጃቸውን ጭነው የሚጸልዩላቸውም እሳቸው። ሚስታቸው ካረፈች፣ ብቸኛ ልጃቸው ኤዶምም ከመዘምራኑ ተለይታ ለሥራ ማንቸስተር ከገባች ወዲህ፣ የእሑድ ምሳቸውን የሚበሉት ፀሎት ቤት ነው።

የዚያን ቀን ሳህሌ መዝሙር እያንጎራጎረ ገባ።

«ዛሬ የት ዋልክ?» አለችው።

«ሂትሮው ነዋ። ወረፋው መች ያልቃል?»

የኮቱ እጅጌ ላይ ቢጫ ቀለም አየች።

«ይሄስ ምንድነው?»

«ፓርኪንግ ውስጥ ግድግዳ አስነክቼው ነው።»

ፀሎት ኮቱን ተቀብላ አጠበችው። ግን ከዚያ በኋላ ልብ አለች። ሐሙስ ከሰዓት ስልኩን አያነሳም። ካዚኖ ውስጥ ስልክ እንደማይፈቀድ ከድሮው ታውቃለች። ሐሙስ ማታ ደግሞ ደስተኛ ነው። ድሮም ያሸነፈ ቀን እንደዚያ ነበር።

ጋሽ እንግዳወርቅ ዘንድ ሄደች።

«ተመልሷል» አለቻቸው። «በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«ሳህሌ ካርታ አይነካም፣ ልጄ። ለዚህ እኔ ዋስ ነኝ።»

«ታዲያ እዚያ መንገድ ላይ ምን ይሠራል?»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት።

«ጸልዪ። መከተል ጥርጣሬን ነው የሚያሳድገው።»

«ጸልያለሁ። ሐሙስ እሄዳለሁ። አብረውኝ ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ካልሆነም ብቻዬን እሄዳለሁ።»

ጋሽ እንግዳወርቅ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ብቻሽንማ አትሄጂም» አሉ በመጨረሻ።

ሐሙስ አውቶቡስ ውስጥ ስልካቸውን ደጋግመው ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«ማን ነው፣ ጋሼ?»

«የሐኪም ቀጠሮ ነበረኝ፤ ካንስል ላደርገው ነው። አያነሱም።»

ፀሎት አዘነችላቸው። ለእሷ ብለው ከሐኪማቸው ቀሩ።

ከአውቶቡሱ ወርደው ሲታጠፉ መንገዱ የጠፋባት መሰላት። መያዣ ሱቁ ብስክሌት መጠገኛ ሆኗል። አንደኛው የውርርድ ቤት ውስጥ ስፖርት የሚሠሩ ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተኝተው እግራቸውን ሰቅለዋል፤ ሌላኛው ውስጥ አንድ ወጣት የውሻ ፀጉር ይቆርጣል። የዶሮ ጥብስ ቤቱ አበባ ይሸጣል። ፈረሱ ግን አለ። ሮዝ ቀለም ቀብተውታል። ከሥሩ ያለው መስኮት በሕፃናት መዳፍ ቅርጽ ተሞልቷል፤ በሩ ላይ «ነርሰሪ»፣ የሕፃናት መዋያ፣ ይላል።

ፀሎት ቆማ አየችው። ከዚያ ሳቋ መጣ።

«ጋሼ፣ ካዚኖው እኮ የለም።»

«አዎ፣ ከተዘጋ ቆየ።»

«ያውቁ ነበር እንዴ? ለምን አልነገሩኝም?»

«እኔ እንኳ… በዓይንሽ ካላየሽ አታምኝም ብዬ ነው። ይኸው አየሽ፤ ቁማር የለም። በይ እንመለስ።»

ፀሎት ዓይኗ እንባ ሞላ። ስንት ምሽት ጀርባዋን ሰጥታው ተኝታለች። አንድ ጊዜ ደግሞ እሱ ሻወር ሲገባ ኪሱን ፈትሻለች። ሰውዬው በዚህ መንገድ የሚያልፈው ደንበኛ ሊያወርድ ይሆናል፤ እሷ ግን ቃሉን አላመነችም። ማታ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ ብላ ወሰነች። የሚወደውን ዓሣ ትሠራለታለች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አለች። «እርስዎ ባይኖሩ ትዳሬን በገዛ እጄ ላፈርሰው ነበር።»

«እሺ፣ ልጄ። ቶሎ እንሂድ፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጠን።»

ክንዷን ይዘው ሊያዞሯት ሲሉ የነርሰሪው በር ተከፈተ። እናቶች የልጅ ጋሪ እየገፉ ተጠጉ፤ ልጆች ስዕላቸውን እያውለበለቡ ወጡ። ከመሃላቸው ሳህሌ ወጣ። ትንሽ ሐምራዊ ቦርሳ ትከሻው ላይ አንጠልጥሏል። ሦስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ጣቱን ይዛለች።

የደንበኛ ልጅ ናት፣ አለች ፀሎት በልቧ። የታክሲ ሥራ ነው፤ ልጅም ያደርሳሉ።

ሳህሌ ቀና ሲል ፀሎትን አይቶ ባለበት ደረቀ። ልጅቷ ግን ጣቱን ለቃ ሮጠች። ፀሎትን አልፋ ጋሽ እንግዳወርቅ እግር ላይ ተጠመጠመች፤ ከዚያ ወደ ሳህሌ ዞራ ተጣራች።

«ዳዲ፣ ዛሬ አያቴም መጣ።»