ሠርጉ እስኪያልፍ

የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት በየጠዋቱ የሴቶችን ጡት ውስጡን እያየ ይመረምራል። ክፉ ነገር ካገኘ ግን የሚናገረው ለሴትየዋ ሳይሆን ለቤተሰቧ ነው። ሕጉ «በድንገት ሰምታ እንዳትደነግጥ» ይላል።

ምንትዋብ ወጥ ቤት ስትገባ፣ ብርጭቆ እንኳ አንስቶ የማያውቀው ባሏ ሳህን ሲያጥብ አገኘችው። ወዲያው ገባት።

«መስታወቱ መቼ ነገረህ?»

«ምንቴ፣ ነገሩን የሚያረዱሽ ሽማግሌዎች እየመጡ ነው፤ እስኪ ቁጭ በይ…»

«መቼ ነው ያልኩህ!»

«ከእህትሽ ሠርግ በፊት። ደስታዋን አናበላሽባት ተባባልን፤ ከዚያ ደግሞ ጾሙ ገባ…»

በሠርጉ ላይ እስክስታ ስትወርድ፣ ዘመዶቿ ዓይናቸውን እየጠረጉ እንዳጨበጨቡላት ትዝ አላት።

«እብጠቷ ያኔ ምን ታክል ነበር?»

«የምስር ፍሬ።»

እጇን በቀሚሷ አንገት አስገብታ ዳበሰች። ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ባቄላ አክላለች በላቸው» አለችና ነጠላዋን አንስታ ብቻዋን ወደ ሐኪም ቤት ወጣች።