ተራ የማያውቀው አለቃ

«እማማ፣ አንቺ ኮድ ጸሐፊ ነሽ ወይስ የበር ዘበኛ?»

ቢሮው በሳቅ አውካካ…

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ሳቅኩ።

ተናጋሪው ዴክለን ነው፣ ከመጣ ሁለት ወር ያልሞላው አለቃችን። ጫማውን በቀን ሦስቴ የሚወለውል፣ አንድ መስመር ሳይጽፍ ስለ ፍጥነት ሁለት ሰዓት የሚያወራ ጉድ!

ዘበኛ የተባለችው ኖላ ናት። ስድሳ አንድ ዓመቷ ነው።

የምንሠራው እዚሁ ታውንስቪል ከተማ፣ አንዲት ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ግድቡ ሲከፈት ወንዙ ዳር ላሉት ሰዎች ስልክ «ውጡ!» የሚል መልእክት የሚልክ ሶፍትዌር አለን።

የኖላ ሥራ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል…

እኛ ለሶፍትዌሩ የምንጽፋቸው የኮድ ለውጦች አንዱ በሌላው ላይ ነው የሚቆሙት። የትኛው ቀድሞ ወደ ዋናው ኮድ ይግባ፣ የትኛው ይቆይ… ተራ የምታስይዘው እሷ ናት።

የዚያን ረቡዕ ሦስት ለውጦች ተራ ይዘው ነበር።

የመጀመሪያው የኖላ። አዲስ የስልክ ቁጥር መዝገብ ይከፍታል። ጠዋት ገብቷል።

ሁለተኛው የእኔ። መልእክት ላኪው ቁጥሮቹን ከአዲሱ መዝገብ እንዲያነብ ያደርጋል። ፍተሻው ገና አላለቀም።

ሦስተኛው የዴክለን። አሮጌውን መዝገብ ባዶ ያደርጋል። በቃ፣ ማጥፋት ብቻ! እሷን ለመጻፍ ሳምንት ፈጅቶበታል…

«ያንተ መጨረሻ ነው የሚገባው» አለችው ኖላ። «ላኪው አሁንም የሚያነበው ከአሮጌው ነው። እሱን ካጠፋኸው ለማን ይልካል?»

«ዓርብ የወረዳው ሹማምንት ይመጣሉ። ሥራዬ አልቆ ማየት አለባቸው።»

«ነገ ጠዋት ይደርሳል እኮ፣ ዴክለን።»

«ሥራሽ ቁልፍ መጫን ነው። ውሻዬም ይጭነዋል!»

ራሱ ቁልፉን ጭኖ የሱን ለውጥ አስገባው።

ዝናቡ ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግድቡ ተከፈተ።

ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት በራ።

«አያችሁ?» አለ ዴክለን ደረቱን ነፍቶ። «አንድ ስህተት የለም! እማማ ኖላ ዓለም ሊጠፋ ነው ብላን ነበር።»

ኖላ ተጠግታ አነበበች… ፊቷ አመድ መሰለ።

«‹ከዜሮ መልእክት ዜሮ ደርሷል› ነው እኮ የሚለው፣ አንተ ሰውዬ! ስህተት የጠፋው የሚላክለት ሰው ስለጠፋ ነው!»

አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤት… አንዱም አልሰማም።

ውሃው እነሱ ጋ ለመድረስ አንድ ሰዓት ቢፈጅበት ነው።

ዴክለን ምን አደረገ መሰላችሁ?

«ማን ነው የነካካው?» ብሎ ጮኸ!

ከዛ «ስልክ እየተደወለልኝ ነው» ብሎ ወጣ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል…

ኖላ አልጮኸችም።

«መጀመሪያ የሱን ለውጥ አውጣ። ቀጥሎ አሮጌውን መዝገብ ከመጠባበቂያው ቅጂ መልስ። ያንተን እንዳትነካት» አለችኝ።

ያለችኝን አደረግኩ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀብን።

መልእክቱ ሄደ! «ደርሶኛል» የሚል መልስ ይጎርፍ ጀመር… ከአንድ ቁጥር በቀር።

ኖላ ራሷ ደወለች። ብዙ ጠርቶ ተነሳ።

«አባባ፣ ውሃ እየመጣ ነው! አሁኑኑ ይውጡ!»

«እግሬ አይታዘዘኝም እኮ፣ ልጄ…»

ሌን ይባላሉ፣ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ። ወንዙ ዳር በተጎታች ቤት ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

ኖላ የሳቸውን ስልክ ሳትዘጋ በእኔ ስልክ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞችን ጠራች። ሽማግሌው በሁለት ሰው ትከሻ ሲወጡ ውሃው ደጃፋቸውን ይልስ ነበር። ቤታቸውንስ ወሰደው…

ዓርብ ሹማምንቱ መጡ።

ዴክለን ከረባት አስሮ ይተርካል። «ሥርዓታችን በጭንቅ ቀን ሕይወት አተረፈ። እኔም ቡድኔን ከፊት ሆኜ መራሁ።»

የትኛው ፊት? ኮሪደሩ ላይ ያለው?

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተ። አንድ ሽማግሌ፣ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው የማንጎ ከረጢት…

«የደወለችልኝን ሴት ፈልጌ ነው» አሉ።

ዴክለን ደርቆ ቀረ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ከዛ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋላቸው።

«ከነዋሪዎቹ አንዱ ናቸው!» አለ ወደ እንግዶቹ ዞሮ።

ሽማግሌው አዩት… አዩት…

ጨበጡት። «ደስ ብሎኛል» አሉ።

ኖላ ማንጎውን ተቀብላ፣ እኔ ክንዳቸውን ይዤ ደረጃውን አወረድናቸው።

«አሁን የት አርፈው ነው?» አለቻቸው።

«ትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ ከሌሎቹ ጋር።»

«የሚወስድዎት ዘመድ የለም?»

«ልጅ አለኝ።»

«ታዲያ እንደውልለት!»

ሽማግሌው ሳቅ አሉ።

«ምን ያስደውላል… አሁን እኮ ጨበጠኝ።»

ደረጃው ላይ ቀጥ ብለን ቀረን።

ኖላ ወደ ላይ ተመለሰች። ማን የትኛውን ለውጥ በስንት ሰዓት እንዳስገባ የሚያሳየውን ዝርዝር በትልቁ ስክሪን ከፈተችው። የዴክለን ስም ከነሰዓቱ! ሹማምንቱ አነበቡ። አንዷ ደግማ አነበበች።

በሳምንቱ ዴክለን ዕቃውን በካርቶን ይዞ ወጣ። በር የከፈተለት ሰው አልነበረም።

ሌን ቤት እስኪያገኙ ኖላ ዘንድ ከረሙ።

ስለ አባቱ ግን ኖላ ለማንም አልተነፈሰችም… ዛሬ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ወዳጆቼ… ተራ የሚያስከብሩልንን ሰዎች «ዘበኛ» እያልን አንሳቅባቸው። እኔ ስቄያለሁ፣ እስካሁን ያሳፍረኛል። «ሁሌ እኔ ልቅደም» የሚል ሰው የሚቀድመው ሌላው የቆመበትን እየናደ ነው። የወለደውን እንኳ አይምርም!

እናንተ ኖላን ብትሆኑ፣ እዛው ሹማምንቱ ፊት «እኚህ አባቱ ናቸው» ትሉ ነበር… ወይስ ለሽማግሌው ክብር ስትሉ ዝም? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ… 👇